ፈንግል የመሰለኝ

አሶሳ ላይ ክረምቱ ከገባ ዝናቡ ማባሪያ የለውም። አምስት ዶሮዎች አሉኝ፤ አንድ ጠዋት ቀይዋ ማደሪያቸው ጥግ ላይ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቁጭ ብላ አገኘኋት። የበቆሎ ክክ ብበትንላት ዞር ብላም አላየችው። «አለቀልኝ፣ ፈንግል ገባ!» አልኩ። ሌሎቹን አስይዛ ሳትጨርስብኝ ልገላገላት ብዬ ቢላዋ ይዤ ወጣሁ።

ጎረቤቴ እማማ ሐሊማ በአጥሩ በኩል አዩኝ። መምህር ስለሆንኩ «ኡስታዝ» ነው የሚሉኝ። «ኡስታዝ፣ ቆይ! ቆይ!» እያሉ መጡና የዶሮዋን ሆድ ዳበስ ዳበስ አደረጉት። የበርታ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው አማርኛ ዶሮዋም «እሱ» ናት።

«እሱ አልታመመም። እንቁላል ይዞታል፣ መውጣት እምቢ ብሎታል። ለብ ያለ ውሃ አምጣ።»

ሮጬ ውሃ አሞቅኩና ልብስ በማጥብበት ሳፋ አቀረብኩ። ዶሮዋን እስከ ሆዷ ነክረን በሁለት ወገን ደገፍናት። እሳቸው «ቢስሚላህ» ሲሉ እኔ በአንድ እጄ አማተብኩ። መጀመሪያ ተወራጨች፤ ቆይቶ ሙቀቱ ተስማማት መሰለኝ ዝም አለች። ከዚያ መላ ሰውነቷ ጥብቅ አለና እንቁላሉ ውሃው ውስጥ ዱብ! ሳላስበው «እልልል!» አልኩ።

ዶሮዋ ከሳፋው ዘልላ ወጥታ ውሃዋን በሁለታችንም ላይ አራገፈችና ቀጥታ ወደ ክኩ ሄደች። እኔም እንቁላሉን አንስቼ ለእማማ ሐሊማ ዘረጋሁላቸው።

«አይ ኡስታዝ» አሉ እየሳቁ፣ «አንተ ብላው። አብረህ አምጠሃል።»