የእድሩን ድስት የበላው ሶዳ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ቆሻሻ ሁሉ አንድ ነበር። ዝገት ሆነ ቅባት፣ የሽንት ቤት ቢጫ ሆነ የድስት ጥቀርሻ፣ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ይበረታል?» ብሎ ብቻ ነው። አንቺ ሐያት፣ ያንን የአሲድ ጠርሙስ ከድስቱ አጠገብ አንሺና ቁጭ በይ። ለነገው ሰልስት ድስቱ መታጠቡ አይቀርም፣ መጀመሪያ ይሄን ስሙ። እኔ ከዚህ እድር የተባረርኩት በድስት እጥበት ነው። አዎ፣ እኔ! ምን ያስቃችኋል?

ያኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ እዚሁ መቱ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየት ብዬ ነበር፣ እና የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ድስቶቻችን እነዚያ ትልልቅ የአሉሚኒየም ድስቶች ናቸው፤ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የክርስቲያን፣ አረንጓዴ የታሰረበት የሙስሊም። ታዲያ ሊቀመንበራችን ጋሼ ታደሰ፣ ከቢሮ ጡረታ የወጡ ሰው፣ አንድ ቀን ጥቀርሻውን አዩና «ይሄ ውርደት ነው! የሁሩሙ እድር ድስት እንደ መስታወት ፊት ያሳያል!» አሉ። ሁሩሙ ሄደው የማን ድስት ላይ ፊታቸውን እንዳዩ እግዜር ይወቀው።

እና ከእትዬ ዘይነባ ሱቅ ኮስቲክ ሶዳ አስመጡ፣ ያንን ሳሙና የሚሠራበትን። እኔ ሳየው ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ድስት ላይ አይደረግም።»

«ለምን አይደረግም?»

«ሁለት ወገን አለ በሉ። አንዱ እንደ ሎሚ፣ እንደ አቼቶ የሚኮመጥጠው ነው፣ አሲድ። ዝገትና የውሃ ጨው የሚያስለቅቀው እሱ ነው። ሌላው እንደ አመድ ውሃ የሚያሟልጨው ነው፣ ቤዝ። ቅባት የሚያስለቅቀው እሱ ነው። ይሄ ሶዳ ደግሞ የቤዞች ጉልቤ ነው። አሉሚኒየም የሁለቱንም ወገን ጉልቤ አይችልም። ሶዳው ድስቱን ይበላዋል።»

ጋሼ ታደሰ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሰማችሁ? ድስት የሚበላ ሶዳ! እኛ የምናውቀው ከድስት የሚበላ መምህር ነው!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘይነባ ብቻ «ማል ጄታ? ምን ማለትዎ ነው? እኔ ለሳሙና ብዬ ሸጥኩ እንጂ ለድስት መች አልኩ!» አሉ፣ ማን ሊሰማቸው።

ታዲያ በሙቅ ውሃ በጠበጡትና ገለበጡበት። ፍሽሽሽ! አረፋው ገነፈለ፣ ድስቱ ሳይጣድ ጋለ። «አያችሁ፣ ቆሻሻው ሲጮህ!» ይላሉ እሳቸው። «ጋሼ፣ የሚጮኸው ድስቱ ነው» እላለሁ። «አንተ ዝም በል!» እና ዘፍዝፈውት ሄዱ።

በማግስቱ ጥቀርሻው ለቋል፣ እውነት ነው። ድስቱም ግን ሳስቷል፣ በጣት ሲጫኑት ይረግባል። ቀዩም አረንጓዴውም፤ ሶዳው ሃይማኖት አልለየም። ጋሼ ታደሰ አንዱን ብድግ አደረጉና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቀለለ እኮ! ለሴቶቹም ለመሸከም ተመቸ!»

በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ወጡ ተጣደ፣ እና ገና መፍላት ሲጀምር የድስቱ ቂጥ ተሸነቆረና ወጡ ወርዶ እሳቱን አጠፋው። ከዳሪሙ በእግሩ የመጣ ለቀስተኛ ደረቅ እንጀራ በልቶ ተመለሰ።

ታዲያ ስብሰባ ተጠራ። ጋሼ ታደሰ ተነሡ። «ቁልፉ የነበረው ማን ጋ ነው? ኬሚስትሪ የተማረው ማን ነው? ድስቱ እንደሚበላ አስቀድሞ ያወቀው ማን ነው?» አሉ። እዩት እንግዲህ! ያወቀ ሰው አደረገው ማለት ነው። ያን ቀን የሰሙኝ ሁሉ እግራቸውን እግራቸውን አዩ። ተባረርኩ።

ከእድር መባረር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቴ አርጅታ፣ ታማ ቤት ተኝታለች። ብትሞትብኝ ድንኳን የሚተክልልኝ፣ ቃሬዛ የሚይዝልኝ የለም። ዲግሪዬ ቃሬዛ አይሸከም! እሷ ባሳለች ቁጥር እኔ የማስበው ያንን ነው፣ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ያንኑ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ታደሰ ናቸው፣ በአንድ እጃቸው በረኪና፣ በአንድ እጃቸው አሲድ።

«መምህር» አሉኝ። ያን ቀን መምህር ሆንኩ! «ሽንት ቤቱ ቢጫ ይዞ አልለቅ አለኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ባደርጋቸው አይበረቱም?»

ልዋሻችሁ እንዴ? ጠርሙሶቹን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። ሽንት ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ ጠባብ ነው፣ መስኮት የለውም። «በደንብ ይበረታሉ» ብል ይበቃ ነበር።

«ጋሼ፣ ሲቀላቀሉ መርዝ የሆነ ጋዝ ይወጣል። ሳንባዎን ያቃጥለዋል። ይሞታሉ» አልኩ። «ቢጫው አሲዱን ብቻ ነው የሚፈልገው። በሩን ከፍተው፣ በረኪና በአጠገቡ ሳይደርስ።»

ጠርሙሶቹን እንደሚናከሱ ውሾች አራራቋቸው። ከዚያ በጎን አዩኝና «ለምን ነገርከኝ? እኔ ብሞት ደስ አይልህም?» አሉ።

«ደስማ ይለኛል። ግን የእድር አባል አይደለሁም፣ ለቅሶዎ ላይ ንፍሮ ማን ይሰጠኛል?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እና እሑድ ስብሰባ ላይ አስጠሩኝ። ኮቴን ለበስኩ፣ በመጨረሻ እውነቱ ሊወጣ ነው ብዬ። ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «የድስቱን ነገር መርምረናል። ጥፋቱ የሶዳው ነው። መምህርንም ይቅር ብለነዋል።»

ይቅር ብለነዋል! እኔን! ሰውም አጨበጨበ! ብድግ አልኩ፣ «ይቅርታችሁን ውሰዱት» ልል አፌን ከፈትኩ፣ የእናቴ ሳል ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ቁጭ አልኩ። በተከታዩ ክረምት አረፈች። ድንኳኑ ተተከለ፣ ቃሬዛዋንም ከፊት የያዙት ጋሼ ታደሰ ናቸው። ይሄን አልክድም። ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱ የሶዳው ነው፣ እኔም እስከ ዛሬ ይቅር የተባልኩ ነኝ።

«ታዲያ መምህር» አለች ሐያት፣ «የነገው ሰልስት የጋሼ ታደሰ አይደለም እንዴ?»

የእሳቸው ነው እንጂ! ለዚህ አይደል የምለፈልፈው? በሎሚና በሳሙና፣ ቀስ ብላችሁ እሹት። ነገ ድስቱ ጠብ ቢል እኔን ነው የሚሉት። እና ንፍሮዬን በትልቁ ሳህን አምጡልኝ፣ ከራሳቸው ጋር ተነጋግረን የጨረስነው ነው! ሃ ሃ ሃ!