ፎቶ የተለጠፈባት አምቡላንስ

ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ ኡራን መንደር ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ የተሳፈርንበት ሎሪ ኦዳ የምትባል መንደር ላይ ጎማው ፈነዳ። እኔ በኬንያዋ ሞያሌ መድኃኒት ቤት አለኝ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ጋሽ ገለታን አየኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው በስደት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የእናቶች አምቡላንስ ማኅበርን ያቋቋሙ ሽማግሌ ናቸው። ወዲያው የማኅበሩ የአሁን ኃላፊ ፎዚያ ከጋቢናው ወርዳ ወደ እኛ መጣች። ሁለቱ ከተኳረፉ ቆይተዋል።

"ጋሽ ገለታ፣ እንደምን ዋሉ?"

"ከቀብር የመጣ ሰው እንዴት ይውላል፣ ልጄ?"

የቀበርነው የኡራኗን ሻምሳን ነበር። ምጥ ሲጠናባት ባሏ አዳን የማኅበሩን አምቡላንስ አልጠራም። በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት ይዟት ሲመጣ ደም ፈሷት መንገድ ላይ ሞተች፤ ልጁም ከሆዷ አልወጣም። አዳን ያልጠራበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቃለን። በአምቡላንሷ ጎን ላይ፣ ሰው ሁሉ በስዋሂሊ ምሄሺሚዋ፣ ክቡርነትዎ እያለ የሚጠራው የአካባቢው ተመራጭ ፎቶ ተለጥፏል። በምርጫው ጊዜ ደግሞ የእሱ ደጋፊዎች የሆኑት የጎልቦ ሰዎችና የአዳን መንደር የኡራን ሰዎች ደም ተቃብተዋል። አዳን ሚስቱን ለእነሱ መኪና አሳልፎ ለመስጠት ፈራ።

"ይህን ፎቶ አታስለጥፊ ብዬሽ ነበር" አሉ ጋሽ ገለታ።

"ብለውኛል። ግን መኪናዋ ነዳጅ አጥታ ቆማ ነበር። እሱ ነዳጁን እችላለሁ፣ ፎቶዬ ይለጠፍ አለ። የጎልቦ እናቶች በዚያ ነዳጅ መጥተው በሰላም ወልደዋል።"

"ጎልቦ የመረጠው ነው። ኡራንስ?"

ፎዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ እንባዋን ጠረገች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ግን ልጠይቅዎ፣ ይቆጡኛል?"

"ተናገሪ።"

"ስለ ፎቶው የተነጋገርንበትን ስብሰባ ጥለው ሲወጡ ወዴት ሄዱ?"

"ወደ ቤቴ። ከፖለቲከኛ ጋር እጄን አላቆሽሽም ብዬ።"

"ሰውየው እርስዎን ያከብራል፤ ከአባቱ ጋር ወዳጅ ነበራችሁ። ቤቱ ሄደው 'ነዳጁን ስጥ፣ ፎቶውን ተው' ቢሉት ኖሮ እምቢ ይልዎ ነበር? እኔ ሰው ማግባባት አውቃለሁ፤ የት ላይ እንደማቆም ግን አላወቅሁም። እርስዎ ያን ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሰው ደጅ አይደርሱም።"

"የባለሥልጣን ደጅ መጥናት ሽንገላ ነው።"

"የሠራውን ሠራ ማለት ሽንገላ አይደለም። የሚፈልገው መመስገን ነው፤ በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት እናመስግነው። ምረጡት ግን አንልም። መኪናዋም የማንም አትሆንም።"

"እምቢ ካለስ?"

"ፎቶውን እንልጠዋለን። ነዳጁ ቢቀር እንደገና እንለምናለን።"

"መኪናዋ ከቆመች ሌላ እናት ትሞታለች።"

"አውቃለሁ" አለች ፎዚያ። "ለዚህ ነው ብቻዬን መሄድ የፈራሁት።"

ሽማግሌው "እጄን ንጹሕ አድርጌ ቤቴ ተቀመጥኩ። ሻምሳን ምን ጠቀማት?" አሉና አለቀሱ። "አብረን እንሄዳለን።"

ሄዱም። ምሄሺሚዋው መጀመሪያ ተቆጣ። ጋሽ ገለታ የቀብሩን ነገር በዝግታ ነገሩት፤ ፎዚያም በሽማግሌዎች ፊት ፎቶውን ራሱ ቢያነሳ ሰው ሁሉ እንደሚያከብረው አስረዳችው። ጥቂት ካንገራገረ በኋላ እሺ አለ። ነዳጁን ግን እንደ ቀድሞው አልሰጠም፤ የጎደለውን የከተማው ነጋዴዎች ሞሉት። ማኅበሩም ከእንግዲህ የማንም ፎቶ መኪናዋ ላይ እንዳይለጠፍ ወሰነ።

ዛሬ የኡራንም የጎልቦም እናቶች አምቡላንሷን ያለ ፍርሃት ይጠሯታል። ለሕዝብ አገልግሎት የቆመ ሰው ባለሥልጣን ማነጋገርን ቢጸየፍ ሥራው ይቆማል፤ የማይሸጠውን ሳይለይ ቢነጋገርም ሥራው የሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ለመማር የከፈልነው ዋጋ ግን ከባድ ነው።

ፎዚያ በኋላ ይቅርታ ልትጠይቅ ኡራን ሄደች። አዳን ግመሎቹን ውኃ ማጠጣቱን ሳያቋርጥ ሰማት።

"አሁን መኪናዋ ለሁሉም ትመጣለች?" አላት።

"ለሁሉም ትመጣለች።"

"ደግ ነው። ለጎረቤቶቼ እነግራቸዋለሁ" አለና ወደ ግመሎቹ ዞረ። "እኔ የምጠራላት ሰው የለኝም።"