ካሜራው ብቻ የሚያነበው ካርድ

ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ከሻሻቸው ጫፍ የሜሞሪ ካርድ ፈትተው አጠገባቸው ለተቀመጠው ስልክ ጠጋኝ ሰጡት።

«የትልቋ ልጄ ኒካህ ቪዲዮ ነው። ስልካችን አላነብም አለ።»

«ካርዱ ብዙ የሚይዝ ነው እናቴ። ካሜራው በራሱ ፎርማት ስለጻፈበት አሮጌ ስልክ አያውቀውም። ታዲያ በምን ታዩታላችሁ?»

«ቪዲዮ ቀራጩ በየጁምዓው ካሜራውን ይዞ ይመጣል። ከሱ ካሜራ ሌላ አያነበውም አለን። ወላሂ፣ አራት ወር ሙሉ የጁምዓ ምሳውን እኛ ቤት ነው የሚበላው።»

«ኮምፒውተር ላይ ወዲያው ይገለበጥ ነበር እኮ። ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ ነው?»

«እንጃ።»

«ሙሽራዋም ለማየት ትመጣለች?»

«እሷማ ባሏ ዘንድ ናት። የምታየው ታናሽዋ ናት። ባለቀ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀመር ትላለች።»

«ዛሬ ካርዱን ይዘው ሲወጡ ምን አለች?»

«ተይው እማዬ፣ ይበላሻል አለች።»

ጠጋኙ ካርዱን አገላብጦ አየውና ቀስ ብሎ መለሰላቸው።

«እናቴ፣ ባይገለበጥ ይሻላል መሰለኝ።»

«ገልብጠው ልጄ። ካርዱ በስልክ ከታየ፣ ያ ልጅ ሽማግሌ ከመላክ ሌላ መምጫ አይኖረውም።»

እኔ ሳቄን እንዳያዩብኝ ከሚሴ እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የማሽላውን ማሳ ሳይ ቆየሁ።