ፈረንጆች የተዉት ግስ

ቦርደዴ ከተማ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር፣ መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡት አዴ ፋጡማ ተማሪዬ ነበሩ። አንድ ቀን "ፈረንጅ በመኪና ሲያልፍ 'ተመልከት!' የምለው በምን ቃል ነው?" አሉኝ። እኔ እንግሊዝኛ የለመድኩት ከአባቴ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ደረቴን ነፍቼ "ቢሆልድ ይበሉ!" አልኳቸው።

በሳምንቱ አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ አንድ ፈረንጅ በላንድሮቨር መጣ። አዴ ፋጡማ ማንጎውን በሁለት እጃቸው ወደ ሰማይ አንስተው "ቢሆልድ!" ብለው ሲጮኹ ፍሬን ያዘ። በሳቅ ሊሞት ደርሶ ቅርጫቱን እንዳለ ገዛቸው። ማን እንዳስተማራቸው ሲጠይቅ ወደ እኔ ጠቆሙ። ፈረንጁም "ይህን ግስ እኛ አገር ከሞቱ ሰዎች በቀር የሚናገረው የለም" አለኝ። አፈርኩ! መኪናው እንደሄደ "አዴ፣ ቃሉ አሮጌ ነው፤ ፈረንጆች ራሳቸው ትተውታል። 'ሉክ' ይበሉ" ብዬ ለመንኳቸው።

ከድሬዳዋ የገዛሁትን ሰልባጅ ኮት ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይሄንንስ ፈረንጅ ትቶት አይደል የለበስከው? ወላሂ አምሮብሃል!" አሉና ወደሚመጣው መኪና ዞሩ።

"ቢሆልድ!"