አርባ ቋሊማ፣ አንድ ሹካ

ነይ ትሪና፣ ነይ የእህቴ ልጅ፣ እዚች ካርቶን ላይ ቁሚ። አስፋልቱ ላይ ከቆምሽማ ብርዱ በጫማሽ ሶል ገብቶ በጥርስሽ ነው የሚወጣው። ስንት ካልሲ ነው ያደረግሽው? ሁለት? ሦስት ነበር የሚሻለው። ሽንኩርቱን የበረዶ ሳጥኑ ላይ አስቀምጪና ቀለበት ቀለበት አድርገሽ ክተፊልኝ፤ ቋሊማው የሚቀቀልበት ቢራ ድስቱ ውስጥ ሊፈላ ነው። ፀሐይዋን ደግሞ እይልኝ... ወጥታለች እንጂ ሥራ አልጀመረችም። የግሪን ቤይ የታኅሣሥ ፀሐይ እንደ አንዳንድ ሰው ፈገግታ ነው፤ ያበራል እንጂ አያሞቅም።

ማንን አልኩ? ማንንም። ስለ ፀሐይ እኮ ነው የማወራው። አንቺ ልጅ ነገር ታሸቻለሽ።

የኳሱ ጨዋታ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ከሩብ ይቀረዋል። ሕዝቡን እይው፣ ሁሉም የመኪናውን የኋላ መዝጊያ ከፍቶ ከሰሉን እያራገበ ነው። ከዚህ ጭስ የሚበልጥ ሽቶ የት ይሸጣል? እኛም እንደምንም አለን። እንዲያውም ከሰው በላይ አለን፤ ጥላ አግኝተናል። ውሃ በብርጭቆ ድንጋይ በሚሆንበት ብርድ፣ በዚህ ሁሉ መኪና ማቆሚያ ላይ ከእኛ በስተቀር ጥላ ያለው ማን ነው? ቀና በይና እይው እስቲ፣ ወንድሜ ሎይድን ያገባችው ሰው ያመጣችልንን ካምፐር።

ይኼ መኪና ይባላል? ሎጥ ቤተሰቡን ይዞ ቢሰደድ ለጨው ሐውልቷ ጭምር ቦታ ያለው ቤት ነው። መታጠቢያ አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ ሁለት ቴሌቪዥን አለው፤ አንዱ በውጭ በኩል ነው። ስታዲየሙ እዚያ ተገትሮ፣ የሕዝቡ ጩኸት ጆሮሽን እየበሳው፣ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ታያለሽ... ይኼ እንግዲህ ዕውቀት ነው። እኛ ያልተማርነው ሰዎች በበሩ ገብተን በዓይናችን ነበር የምናየው።

ጠዋት ሲቆም አልነበርሽም። ወደ ኋላ ለማስገባት አምስት ወንዶች ወጡ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በረዶ ላይ ተንጋሎ። ጎረቤታችን ኖርበርት «ተይ፣ ተይ፣ ነይ፣ ተይ» ሲል ድምፁ ጠፋ፤ ይኸው አሁን በእጁ ነው የሚያወራው። እሷስ? ወርዳ «አደከምኳችሁ» አላለችም፤ ብርድ ነዋ። በመስታወቱ ውስጥ ሆና እጇን እንዲህ፣ እንዲህ አወዛወዘችላቸው። ሰውን የማትጠየፍ ናት። ሌላዋ ብትሆን መጋረጃውን ትዘጋው ነበር።

ባለፈው ሐምሌ በዚሁ ካምፐር እስከ ዳኮታ ድረስ ሄደው የለ? ያን ወንበሩ ላይ ቢራውን ይዞ የተቀመጠውን ሎይድን «እህሳ፣ እንዴት ነበር?» አልኩት። «ጥሩ» አለኝ። ሌላ የሚያወራው አጥቶ መጣ። እኛ ልጆች ሆነን በአባታችን በአባባ ኤርቪን መኪና ስንሄድ ዝናብ ይመታናል፣ ትንኝ ይፈራረቅብናል፣ ራት አመድ ላይ ይወድቅና አራግፈን እንበላለን፤ ይኸው አርባ ዓመት አወራነው፣ አላልቅ አለ። እነሱ ግን አሥራ ሁለት ቀን ሄደው አንዲት ወሬ እንኳ አልነካቸውም። ሰላም ማለት ይኼ ነው።

መስኮቱ ክፍት ነው? ይሁና። ሙቀት ሲበዛባት ትከፍተዋለች፣ ምስኪን። እኛ ምን የምንደብቀው አለ? የምናወራው ሙገሳ ነው። ያውም ጮክ ብለሽ ብትናገሪ ደስ ይለኛል፤ ሙገሳ በሹክሹክታ አያምርም።

ያን የጋዝ ምድጃዋንስ አየሽው? ከካምፐሩ ሆድ እንደ መሳቢያ ሳብ ሲደረግ ይወጣል። አምስት ማዞሪያ አለው። ሥጋው ሲበስል ስልኳ ላይ ይነግራታል። አባባ ስልክ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ጆሮ ነበራቸው። ይኼ ድሪቶ የበርሜል ምድጃ፣ ግማሽ በርሜል ቆርጠው ራሳቸው የበየዱት፣ እግሩ ይታጠፋል፣ ከየትኛውም መኪና ኋላ ይገባል፤ እዚህ ላይ ቋሊማ ሲደረድሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ከሰው ጋር እየተጫወቱ ነው። በድምፁ ያውቁታል። ቆዳው ያልተነካ ቋሊማ ሲበስል ያፏጫል። የተወጋው ደግሞ... ይንሰቀሰቃል።

ወንበራቸውን እያየሽ ነው አይደል? ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ጠዋት ዘረጋሁት። ኖርበርት በእጁ እያመለከተ «ኤርቪን አመመው እንዴ?» ብሎ ሦስቴ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? «ኧረ ደህና ናቸው፣ ጤና ነው የጣላቸው» አልኩት።

ወይ ጉድ፣ ያን ቀን አንቺ ሥራ ገብተሽ ነበር ለካ። ልንገርሽ፣ ከእኔ ስሚው። ሰው አጣሞ ከሚነግርሽ በፍቅር የሚነግርሽ ይሻላል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። አባባ አርባውን ቋሊማ ከቢራና ከሽንኩርቱ አውጥተው ከሰሉ ላይ ደረደሩና ሽንት ቤት ሄዱ። ሰልፉን ታውቂዋለሽ፤ በሰማንያ አራት ዓመት ደግሞ ጠብቁኝ የማይባል ነገር ነው። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች አሥር ደቂቃ፣ ጧት ሙሉ ያልተከፈተው የካምፐር በር ተከፈተ። ወረደች። ምን ይዛ? ከጋዝ ምድጃዋ ጋር በሳጥን የመጣላትን ባለ ሁለት ጣት ረጅም ሹካ። አርባ ቋሊማ፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። እኔ ዳቦ ስሰነጥቅ ቀና ስል አልቋል። «ስቡ ይውጣላቸው ብዬ ነው፣ ለልባቸው» አለች።

እንዴት ያለች አሳቢ ናት በይ? በዚህ አገር ልጅ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ «እሳት አትንካ» ይባላል፣ ቀጥሎ «ቋሊማ በሹካ አትውጋ» ይባላል፤ አባትህን አክብር ገና ሦስተኛ ነው። ቋሊማ በጉጠት ይያዛል፣ በጉጠት ይገለበጣል፣ እንደ ተኛ ሕፃን ነው የሚነካው። እሷ ደግሞ ከድንበር ማዶ፣ ከኢሊኖይ የመጣች ናት። እዚያ ምኑ በምን እንደሚያዝ እኔ መቼ ተማርኩና አውቃለሁ። ሰባት ዓመት እዚህ ኖራ ወግ አላየችም የሚሏት ምቀኞች ናቸው። ይኸው ወግታ አሳየቻቸው።

አዛኝ ቅቤ አንጓች ሲሉም ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። እሷ ቅቤ ጋ መቼ ደረሰች? ስብ ነው ያፈሰሰችው፤ ያውም ፍም ላይ። እሳቱ ተነሥቶ የኖርበርትን ቅንድብ አጭዶለት ሄደ። ፊቱ ግን አምሮበታል፤ ለዚያም ማንም አላመሰገናት።

ከዚያ አባባ መጡ። ሳያዩት ነው የሰሙት። ከዚያ ከሰማያዊዋ መኪና ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። መጥተው አንዱን አነሡ፣ ገመጡ... አኘኩ... ደግሞ አኘኩ። ጆንያ ያኝኩ ይመስል። እንዳይተፉት ጨዋ ሰው ናቸው፣ ዋጡት። ማን ነው ብለው እንኳ አልጠየቁም። ጉጠታቸውን ካምፐሩ ደጅ ካለችው ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አኖሩና «ይኸው፣ እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ኮሌታቸውን አቁመው ወደ ቤት ሄዱ። አርባ ሦስት ዓመት የያዙትን ጉጠት። አርባ ቋሊማ ነው የተወጋው ይላሉ ሁሉም። እኔ ስቆጥረው አርባ አንድ ይሆንብኛል፤ ሂሳብ አልችልም መሰለኝ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚሉም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እሷ አልናቀችም። ባለቤት መኖሩንስ መቼ አወቀችና? የማያውቁትን ሰው እንዴት ይንቁታል?

ጉጠቱስ? እሱን ጠይቂኝ እንጂ። እኔ አሁን በምን እያገላበጥኩ እንደሆነ አየሽ? በሰላጣ መቆንጠጫ። ጉጠቱን አጥባ፣ ጥላሸቱን ፍቃ፣ ወልውላ፣ እዚያ ካምፐሩ ውስጥ ከሶፋው በላይ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ለጌጥ። «የጥንት ዕቃ ነው፣ ያምራል» አለችኝ። ሌላው ሰው ሙዚየም የሚገባው ከሞተ በኋላ ነው፤ አባባን በቁማቸው አስገባቻቸው። እንዲህ ያለ ክብር ለማን ተደርጎ ያውቃል?

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አይደል? ዝም ያለ ሽማግሌ ግን ይነቅዛል ትሪና። ጧት ጧት እሄዳለሁ። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው ያዩታል። ትላንት ዳቦ ጠበስኩላቸውና ቅቤ ልቀባ ስል «ተይው፣ ለልብ ጥሩ አይደለም» አሉኝ። ትምህርቱ ገብቷቸዋል። ሰባት ዓመት ያስተማረች ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ፍሬዋን ካየች ምን ትፈልጋለች?

ቤታቸው ከዚህ አራት መንገድ ተሻግሮ ነው። ነፋሱ ወደዚያው ነው፤ ይኼ ጭስ አሁን ወጥ ቤታቸው ገብቷል። ዛሬ በሜዳችን የመጨረሻው ጨዋታ ነው። የሚቀጥለው መስከረም ነው፤ ዘጠኝ ወር... ለእኔና ለአንቺ ዘጠኝ ወር ምንም አይደለም። ለእሳቸው ግን፣ እንዲያው በሰማንያ አራት ዓመት፣ በደረቅ ዳቦ...

እኔማ ለመንኳቸው። ሦስቴ። «አንቺ ምን አደረግሽኝ?» ነው የሚሉኝ። ሎይድም ሄደ፤ ስለ አየሩ አውርቶ ተመለሰ። ይቅርታ አይፈልጉም እኮ፤ ይቅርታ ሲሏቸው ያፍራሉ። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ብቻ ጉጠቱ ያለበትን ግድግዳ የሚያውቅ ሰው፣ ያቺን ነገር አውርዶ በእግሩ ሄዶ «አባባ፣ እኔ አልችልበትም፣ ኑ አሳዩኝ» ቢላቸው አለቀ። ኮታቸውን እኮ ቁም ሳጥን አላስገቡትም፤ በሩ ኋላ ነው የተሰቀለው። ዛሬ ጧት ደግሞ ጫማቸውን ቀለም ቀብተውታል። ለማን? ለቴሌቪዥኑ?

ግን ማን ይላክ? አንዳንዱ ሰው እግሩ ለእንዲህ ያለ ነገር አልተፈጠረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ስለ ብልህ ሰውና ስለ ሹካ ግን አንድም የተናገረ የለም። አይ፣ አልፈርድም እኔ። ነገር በምሳሌ፣ ቢራ በቆርቆሮ። ያዢ፣ ጠጪ፣ ጉሮሮሽ ደርቋል። እስካሁን እኮ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ስሟንስ ጠራሁ?

እሽሽ... በሩ ነው። አትዙሪ። ሽንኩርትሽን ክተፊ።

ወረደች? ካፖርት ለብሳለች? ምን ይዛለች እጇ ላይ... ቀስ ብለሽ እይልኝ፣ እኔ ቋሊማ ላይ ነኝ። ሹካ ነው? ... ጉጠቱ ነው? እርግጠኛ ነሽ? ጥቁሩ እጀታ? እሰይ። እሰይ፣ የግድግዳው ጌጥ ተነቀለ።

ቁጭ በል አንተ ሎይድ። የት ነው የምትነሣው? አውቃለሁ ሚስትህ ናት፤ መንገዱ የጋራ አይደለም። ብቻዋን ትሂድ። ብቻዋን ነበር የወረደችው ያን ቀንም።

በቀኝ ታጠፈች አይደል? ወደ አባባ መንገድ ነው። በዚያ ቀጭን ጫማ፣ በዚያ በረዶ... ቀስ እያለች። እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል አልሽ? ሽንኩርቱ ይሆናላ። አንቺ ነሽ የከተፍሽው፣ እኔን አትዪኝ። ምነው እንዲህ ታፈጭብኛለሽ? ሄደች እኮ። አባባ ሊመጡ ነው። ሌላ አሥራ አምስት ቋሊማ ድስቱ ውስጥ ጨምሪ፣ እነሱን እሳቸው ራሳቸው ያብስሏቸው፤ እኔ ከዚህ ጀምሮ አልነካም።

ቆይ ግን፣ ሰው ለእርቅ ሲወጣ ባዶውን አይሸኝም። ልመርቃት። ብዙ አልራቀችም፣ ትሰማኛለች።

የኔ ቆንጆ፣ ዘወር አትበዪ፣ ሂጂ ብቻ፤ እየሄድሽ አሜን በይ። እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ። እግርሽን ከሚያንሸራትት ይጠብቅልሽ። ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፤ ፀጉርሽ እስኪነጣ፣ ሰው ደግፎ እስኪያስነሣሽ ኑሪልን። እነዚያ ሁለት ወንዶች ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ፣ ትዳር ይያዙልሽ። እግዜር ደግሞ ሲሰጥሽ አይሰስት፣ አይሳሳት... ልክ እንዳንቺ ያለች ምራት ይስጥሽ። ለሁለቱም።