የቆዳ አልፊው ተረከዝ

ሰማይ የተቀደደ ያህል በዘነበበት አንድ ከሰዓት፣ የሰው ቆዳ በሽታ ተመራማሪዋ ባለሥዕል የማስተማሪያ መጽሐፏን አቅፋ እየሮጠች ባገኘችው በር ዘው አለች። የአጎቷ የቆዳ ማልፊያ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው ሥራ ውለው እግራቸውን በሳፋ ይታጠባሉ። በአርባ ዓመት ፍቀው ያለፉት ቆዳ ቢሰፋ ጨረቃን አልብሶ ለፀሐይ ኮት ይተርፋል፤ ተጋነነ የሚል እጅጌውን ይቀንስ።

«ደግሞ መጣሽ?» አሉ። «አምና ከቆዳ አልፊዎች ማኅበራችን አዳራሽ ያባረርኩሽ አልበቃሽም? እኔን ስለ ቆዳ ልታስተምሪ! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች።»

«ዛሬስ ዝናቡ ነው ያመጣኝ፣ አጎቴ» ብላ ሳቀች። ዐይኗ ሳፋው ላይ ሲያርፍ ግን ሳቋ ደረቀ። «ተረከዝዎ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ቀለም ነዋ! አርባ ዓመት ቀለም ስረግጥ! ከአምና ጀምሮ በድንጋይ ብፈትገው ብፈትገው ጭራሽ ይሰፋል።»

«እስቲ ግራዎን።»

አነሡት። እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው።

«ቀለም እግር ይመርጣል እንዴ?»

ሽማግሌው ክው አሉ። በሠርግም በለቅሶም ተከድኖ የማያውቀው አፋቸው ዝም ሲል፣ ጎረቤቱ ሬዲዮ የተበላሸ መስሎት ብቅ አለ።

«ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ነገውኑ ሐኪም ይየው» አለች ተመራማሪዋ።

«ካንሰር! የቆዳ ካንሰር የነጮች አይደል? አምጪ መጽሐፍሽን!»

አንድ ገጽ ገለጡ፣ ሃያ ገለጡ፣ መቶ ገለጡ። ክንዱም ጀርባውም ጉንጩም ወተት የመሰለ! «ቆዳው ይቀላል» ይላል ጽሑፉ።

«ጉድ ፈላ! የኔ ቆዳ ምኑ ይቀላል? እኛን የት ጣሉን?» ይኼኛው ድንጋጤ ከፊተኛው ባሰ። «ታዲያ እኛን ያላየ መጽሐፍ ያነበበ ሐኪም እኔን ምን ብሎ ያውቀኛል? አልሄድም!»

«ድሮ በሽታው ሲጠና ጥቁር ሰው የጠየቀ አልነበረም፤ ዛሬ እኛ ስንጠይቅ ደግሞ እንደ እርስዎ ያለው ያባርረናል። እስቲ ይንገሩኝ፣ የበጉን ቆዳ የበሬውን ያህል፣ ጠጉሩ እንዲለቅ ኖራ ውስጥ ያቆዩታል?»

«አበድኩ? ይበላሽብኛል!»

«ዕድሜውን የበሬ ቆዳ ብቻ ያለፋ ሰው በግ ቢያመጡለትስ?»

«ያጠፋዋላ! መጀመሪያ የበግ...» አሉና ቃሉን መልሰው ሊውጡት ቃጣቸው። አልሆነም። «አይ አንቺ! በገዛ ቢላዬ ገፈፍሽኝ።»

«እኛን መሰል ጥቁር ቆዳ ላይ በሽታው እምብዛም አይታይም፤ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር ይደበቃል። ዘግይቶ ስለሚታወቅ ይገድላል። ሐኪሙ እንዲለየው ሁሉም ዓይነት ቆዳ መጠናት አለበት፤ እርስዎ ካልታዩለት በምን ይማራል?»

በማግሥቱ ሄዱ። ከተረከዛቸው ተቆንጥሮ ተመረመረ፤ ካንሰር ሆነ። ደግነቱ ገና ጠልቆ ስላልገባ ተቆርጦ ወጣ። ለተመራማሪዋ ጥናት ፎቶ ሲጠየቁም፣ «አንሡ! ከፊቴስ ተረከዜ ያምራል» ብለው ፈቀዱ።

ቁስሉ እንደ ዳነ በዚያው የማኅበር አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። «ጫማ አውልቁ!» ብለው ሲጮኹ መስኮቱ ተርገፈገፈ። ሥልሳ ቆዳ አልፊ ደንግጦ አወለቀ። ተመራማሪዋ እያንዳንዱን እግር አየች፤ ምልክቱን አስተማረች፤ የፈቀደውን መዘገበች። በዚያች ቀን ሁለት ሰዎች ሳይረፍድባቸው ወደ ሐኪም ተላኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ትምህርት ሰው ወዳለበት ሲሄድ ትርፉ ይኼ ነው፦ ሕዝቡ ምልክቱን ያውቃል፣ ሐኪሙም የሚያክመውን ቆዳ ያውቃል። የውስጥ እግሩን ብቻውን አጥርቶ የሚያይ ማን አለ? ከዚያ ወዲህ በማልፊያው ቤት ሥራ ሲያበቃ፣ ያ ሁሉ ጎምቱ ሰው አንድ እግሩን አንሥቶ አጠገቡ ያለውን ይዞ ይቆማል፦ «እስቲ እይልኝ፣ ወንድሜ።»