ጎጃምኛ የምታወራ የቀጨኔ ልጅ

ከአዲሱ ገበያ በተሳፈርኩበት ውይይት ታክሲ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት አነጋገሯን ሰምተው አዋሯት።

«ጎጃም የት ነው አገርሽ፣ ልጄ?»

«ቀጨኔ ነኝ፣ አባባ። ለመሠረተ ትምህርት ዘምቼ ጎጃም ከረምኩና አነጋገራቸውን ይዤ መጣሁ።»

«የሰፈር ሰው አይስቅብሽም?»

«ይስቃል። እናቴማ የማንን ልጅ መለሱልኝ ትላለች።»

«ታዲያ አትተዪውም?»

«ለምን ብዬ? አልጋቸውን ለቀውልኝ መሬት የተኙ ሰዎች አነጋገር ነው።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የተወለድኩት። እዚህ ስመጣ ሲስቁብኝ ተውኩት፤ አሁን ልመልሰው ብልም አይመጣልኝም።»

«አይዞዎት አባባ፣ እኔ አስተምርዎታለሁ።»

እኔ የወሎው ልጅ፣ «ወራጅ አለ» የሚለውን በየትኛው አነጋገር እንደምለው ሳስብ መውረጃዬ አለፈኝ።